መጽሐፉ በዝምታ ወጣ፣ ባዶ እጁን የሄደው ሰውዬ ግን አስጮኸው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የጽሕፈት መሣሪያና የመጽሐፍ መሸጫ አለኝ። ከጀርባው ደግሞ ሦስት ሺህ ገደማ መጽሐፍ የምናውስበት ክፍል አለ። የሁለቱም መውጫ አንድ በር ነው፤ በሩ ላይ ዕቃ ሳይከፈልበት ወይም ሳይመዘገብ ሲወጣ የሚጮህ ባለ ሁለት ምሰሶ ጌት አስተክለናል። የሚሸጠውም የሚዋሰውም ላይ አንድ ዓይነት ስቲከር ነው የለጠፍነው፤ ጠፍጣፋ፣ አራት ማዕዘን፣ ፊቱ ላይ ባርኮድ ያለው። መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ነበር። አሁን ግን የውሰት መጽሐፍ ሳይመዘገብ ሲወጣ ጌቱ ዝም ይላል፤ ምንም ያልያዘ ሰው ሲያልፍ ደግሞ ይጮኻል። አንድ ቴክኒሺያን የስቲከሮቹ ቻርጅ አልቋል፣ ሁሉም ይቀየር አለኝ። ሌላው አርኤፍአይዲ አስገባ፣ የተሰረቀ መጽሐፍ የት እንዳለ በስልክህ ታያለህ አለኝ። የቱን ልስማ? ሲጮህስ ቦርሳ መፈተሽ እችላለሁ? አንድ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ያላቸው ደንበኛም በጌቱ ማለፍ ይፈራሉ።»

ሁለቱንም አትስማ። ስቲከሩ ቻርጅ ኖሮት አያውቅም፣ ስለዚህ ሊያልቅበት አይችልም። አርኤፍአይዲም፣ ማለትም ቁጥር የያዘ ቺፕ ያለበት ስቲከር፣ ሌባ ተከትሎ አይዞርም። የውሰት መጽሐፎችህ ስቲከሮች የሞቱት በዕድሜ አይደለም። ገዳዩ እዚያው ቤትህ ውስጥ፣ ካሸሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

መጀመሪያ አንድ ስቲከር ላጥና ወደ መብራት ከፍ አድርገህ እየው። ከጠርዙ ተነስቶ እየዞረ እየዞረ ወደ መሃል የሚገባ ቀጭን የአሉሚኒየም መስመር ታያለህ። መሃሉ ላይ ወይም ጥጉ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለች ትንሽ ሰሌዳ አለች። በቃ ይኸው ነው። ባትሪ የለም፣ ቺፕ የለም፣ ማስታወሻ የለም። ፊቱ ላይ ያለው ባርኮድም ጌጥ ነው፤ ስቲከሩ የዋጋ ምልክት እንዲመስል የታተመ እንጂ ጌቱ አያነበውም። ብዙ ሰው ጌቱ ባርኮድ አንብቦ «ይሄ አልተከፈለበትም» የሚል ይመስለዋል። ጌቱ ዕቃው ደብተር ይሁን መዝገበ ቃላት፣ ይከፈልበት አይከፈልበት አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአጠገቤ የሚወዛወዝ ነገር አለ ወይስ የለም።

መወዛወዝ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ አስብ። በራሱ ምት ልክ ከገፋኸው ትንሽ ግፊት ይበቃዋል፣ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ካለ ምቱ ከገፋኸው ግን ድካም ነው። ያ የሚዞረው መስመርና ያቺ ሰሌዳ አንድ ላይ ሆነው የራሳቸው ምት አላቸው፣ 8.2 ሜጋኸርዝ አካባቢ። ጌቱ በዚህ ዙሪያ ከፍና ዝቅ እያለ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። ስቲከሩ ምቱን ሲያገኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ጌቱም ይህን መወዛወዝ ሲሰማ ይጮኻል። ጉልበቱ የሚመጣው ከጌቱ ነው። ስቲከሩ ዓመትም አስር ዓመትም መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ፣ እስካልታጠፈና እስካልተቀደደ ድረስ፣ ያው ነው።

ታዲያ እንዴት ሞቱ? ካሸሩ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ ማጥፊያ አለ አይደል? ዕቃ ሲጠጋው ጠንከር ያለ ምት ይለቃል። ስቲከሩ ውስጥ በሁለቱ የአሉሚኒየም ንጣፎች መሃል ያለው ፕላስቲክ አንድ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ እንዲሳሳ ተደርጎ ነው የሚሰራው። ምቱ ያችን ቦታ ይበሳታል፣ ንጣፎቹ ይነካካሉ፣ ዥዋዥዌው ይሰበራል። በሥራችን ይህን «ማጥፋት» እንለዋለን። ቃሉ ያሳስታል። የጠፋ መብራት መልሰህ ታበራዋለህ፤ ይሄ ግን መልሰህ የምታበራበት ማብሪያ የለውም።

ለሱቅ ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። የተሸጠ ደብተር አይመለስም፣ ስቲከሩ ሥራውን ጨርሷል፣ ይሙት። የውሰት መጽሐፍ ግን ይመለሳል። ካሸሩ መጽሐፉን መዝግቦ፣ እንደ ሌላው ዕቃ ማጥፊያው ላይ አሳልፎ ሰጠ። ተዋሹ በሰላም ወጣ። መጽሐፉ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ገባ፣ አሁን ግን የሞተ ስቲከር ይዞ። ከዚያ በኋላ ማንም ብብቱ ሥር ሸጉጦት ቢወጣ ጌቱ ምን አግኝቶ ይጮኻል? በየውሰቱ አንድ መጽሐፍ ከጥበቃ እያወጣችሁ ነበር ማለት ነው። ከሁሉ በፊት የሚራቆቱት ደግሞ በጣም የሚነበቡት ናቸው፣ ማለትም በጣም የሚሰረቁት። የመጀመሪያ ሰሞን ጥሩ የነበረውም ለዚህ ነው፤ ያኔ ገና ብዙዎቹ አልተዋሱም።

ሌላም አለ። አብዛኞቹ ማጥፊያዎች ቁልፍ ተጫን አይሉም፤ ስቲከር ሲጠጋቸው በራሳቸው ይተኩሳሉ። ስለዚህ የተመለሱ መጽሐፎች «እስኪደረደሩ» ተብለው ካሸሩ ጠረጴዛ ላይ ማጥፊያው አጠገብ ከተቆለሉ፣ ማንም ሳያስበው እዚያው ይሞታሉ። አንድ ሱቅ ውስጥ ይህን ያየሁት ማጥፊያው ከእንጨቱ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ተገጥሞ ነበር። ለዓይን ደስ እንዲል ብለው ነው። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ እዚያ ቦታ ላይ መሆኑን የነገራት ሰው ስላልነበረ፣ አዳዲስ ስቲከሮችን ጥቅልሉን እንዳለ እላዩ ላይ አስቀምጣ ነበር የምትለጥፈው። ከጥቅልሉ ላይ እየሞቱ ዕቃ ላይ ይለጠፋሉ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ አስመጪውን «አበላሽተህ ሸጥክልኝ» ብሎ ተጣልቷል።

የኔን ቃል ብቻ አትመን፣ ሞክረው። ቢያንስ አንድ ጊዜ የተዋሱ አስር መጽሐፎች ውሰድ። አንድም ጊዜ ያልተዋሱ ሌላ አስር ውሰድ። አንድ በአንድ፣ በመደበኛ እርምጃ፣ በጌቱ መሃል ይዘሃቸው እለፍ። ሁለቱን ክምር እንዳትቀላቅል። ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ልንገርህ፦ ያልተዋሱት ይጮኻሉ፣ የተዋሱት ዝም ይላሉ።

እዚህ ላይ «ታዲያ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት እንዴት ያደርጋሉ?» ማለትህ አይቀርም። ሱቅና ቤተ መጻሕፍት ይህን ጉዳይ የጀመሩት በአንድ ዘመን ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮናልድ አሳፍ የሚባል አሜሪካዊ የሱፐርማርኬት ሥራ አስኪያጅ ሁለት ጠርሙስ ወይን ይዞ የሮጠ ሌባ ማባረሩ ነው ለሀሳቡ መነሻ የሆነው ይባላል፤ ሴንሶርማቲክ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ያንተን ዓይነት የሬዲዮ ስቲከር ያስፋፋው ቼክፖይንት የተባለ ኩባንያ ደግሞ መነሻው የቤተ መጻሕፍት ስርቆት ነው። በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ፤ ምክንያቱም ያው ያልኩህ ነው፣ አንዱ ዕቃውን ለዘላለም ይሸኛል፣ ሌላው ይጠብቃል።

በዚህ የተነሳ ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ሌላ ዘዴ አለ፤ ኤሌክትሮማግኔቲክ ይባላል፣ ባጭሩ ኢኤም። በሁለት ገጾች መሃል ወይም በጀርባው ጥግ የሚደበቅ ከክር ትንሽ የሚሰፋ የብረት ቀጭን ማሰሪያ ነው። ጌቱ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ማግኔታዊ ሞገድ ይልካል፤ ማሰሪያው በቀላሉ ማግኔት የሚሆንና የሚለቅ ብረት ስለሆነ ሞገዱን አዛብቶ ይመልሳል፣ ጌቱም የተዛባውን ይለያል። በላዩ ላይ ደግሞ ማግኔትነትን የሚይዝ ሌላ ብረት ተጣብቋል። እሱን ማግኔት ስታደርገው ማሰሪያው ይታፈናል፣ ማግኔትነቱን ስታጠፋለት መልሶ ይነቃል። ሲዋስ ታስተኛዋለህ፣ ሲመለስ ትቀሰቅሰዋለህ፤ ሺህ ጊዜም ይሁን። ጉዳቱ ጌቱ ጠባብ መሆኑ ነው፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል 90 ሴንቲሜትር አካባቢ። የማስተኛ መሣሪያው ደግሞ የካሴት ክር ላይ የተቀዳን ነገር ሊያበላሽ ይችላል፤ ካሴት ያለው የድሮ የቋንቋ መማሪያ ካለህ አታስጠጋው።

ልብሶችና ኮስሞቲክስ ላይ የምታየው ጎላ ያለ፣ ነካ ስታደርገው ውስጡ የሚንኮሻኮሽ የፕላስቲክ ስቲከር ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ በ58 ኪሎኸርዝ ይሠራል። ውስጡ ያለው ቀጭን ብረት ጌቱ ሲመታው እንደ ደወል ይርገበገባል፣ ጌቱም ምቱን አቁሞ ያዳምጣል፤ ምቱ ካቆመም በኋላ የሚያስተጋባ ነገር ካለ ይጮኻል። ሰፊ በር ላይ ጎበዝ ነው፣ ብረት ነክ ዕቃ አጠገብም ካንተኛው ይሻላል። ለመጽሐፍ ግን ወፍራም ነው፣ ገጽ መሃል አትደብቀውም። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው አይሰማሙም። ያንተ 8.2 ጌት የ58ቱን ስቲከር እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ርካሽ ስቲከር አገኘሁ ብለህ ከመግዛትህ በፊት ቁጥሩን ጠይቅ። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀው አትግዛ።

አሁን ወደ መፍትሔው። አዲስ ጌት አያስፈልግህም። አርኤፍአይዲም አያስፈልግህም። ሦስት ሺህ መጽሐፍ ላለው ሰው ያለህ ስቲከር ይበቃል፤ መግደል ብቻ ተው። የውሰት መጽሐፍ ስቲከር ሁልጊዜ በሕይወት ይኑር፣ መጽሐፉ ግን በጌቱ መሃል አይለፍ። ተዋሹ ይመዘገባል፣ ባዶ እጁን በጌቱ ያልፋል፣ ሠራተኛው መጽሐፉን ከጌቱ ውጪ በኩል ያቀብለዋል። በቃ። ብዙ ትንንሽ ቤተ መጻሕፍት ለዓመታት የሠሩት በዚህ ነው። ለዚህ የሚያስፈልግህ የመመዝገቢያው ጠረጴዛ በሩ አጠገብ እንዲሆንና አንዱ ጫፉ ከጌቱ አልፎ እንዲወጣ ማድረግ ነው። አናጺ እንጂ ቴክኒሺያን አያስፈልግም።

ሁለት ነገር ግን ቀድመህ አስብበት። አንደኛ፣ መጽሐፍ ሊመልስ የሚመጣው ሰው ሲገባ ጌቱ ይጮኽበታል። በመመለሱ የተመሰገነ ሰው በደወል መቀበል አይገባውም። ስለዚህ መመለሻ ሣጥን ከጌቱ ውጪ፣ ከምሰሶው ራቅ አድርገህ አስቀምጥ፤ ወይም ያው ከጌቱ አልፎ የወጣው የጠረጴዛ ጫፍ መቀበያ ይሁን። ሁለተኛ፣ ተዋሹ የነቃ ስቲከር ይዞ ከተማ ውስጥ ስለሚዞር፣ እንዳንተ ዓይነት ጌት ያለው ሌላ ሱቅ ሲገባ ሊጮኽበት ይችላል። ለዚህ የተፈለሰፈ የድሮ ብልሃት አለ፤ የመመለሻ ቀን የሚጻፍበት ካርድ ውስጥ ስስ ብረት ገብቶበት፣ ካርዱ መጽሐፉ ጀርባ ባለው ኪስ ውስጥ ስቲከሩ ላይ ሲቀመጥ ስቲከሩን ያፍነዋል፣ ሲወጣ ስቲከሩ ይነቃል። እንዲህ ዓይነት ካርድ ካገኘህ ማቀበሉም ይቀርልሃል። ግን ካርዶቹ በካሸሩ እጅ ይቆለፉ፤ ምን እንደሚሠሩ ያወቀ ሰው አንዱን ይዞ ከገባ ጌትህ ዋጋ የለውም።

የሞቱትን ስቲከሮች መተካት አለብህ፣ ሁሉንም ግን አይደለም። አስሩንና አስሩን ስትሞክር እግረ መንገድህን ሠራተኞችህን መድብና በሦስት ቀን የውሰቱን መጽሐፍ በሙሉ በጌቱ አሳልፉ። ዝም ያለውን ለይታችሁ በእሱ ላይ ብቻ አዲስ ለጥፉ። ስትለጥፉ የሚያብረቀርቅ የብረት ቅብ ያለው ሽፋን ላይ አታድርጉ፣ ብረት ምቱን ያዛባዋል። መታጠፊያ ላይም አይሁን፣ መስመሩ ይሰነጠቃል። አንድ ሁልጊዜ የምመክረው ነገር፣ ስቲከሩ የሁሉም መጽሐፍ አንድ ገጽ ላይ አይለጠፍ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከሆነ ሁሉም ሰው በሁለተኛው ቀን ያውቀዋል።

ባዶ እጁን ያለፈ ሰው ላይ የሚጮኸው ነገር ሌላ በሽታ ነው፣ ከዚህኛው ጋር አትቀላቅለው። ጌቱ የሚያዳምጥ ጆሮ ነው ብለናል፤ ጫጫታ ካለ ይሳሳታል። ጫጫታውን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቦታ አገኘዋለሁ።

የመጀመሪያውና ብዙውን ጊዜ ወንጀለኛው የራስህ ስቲከር ነው። ከጌቱ አንድ ሜትር ተኩል ውስጥ ስቲከር የተለጠፈበት ዕቃ የተደረደረበት መደርደሪያ አለ? ቅርጫት? ያልተለጠፈ ጥቅል? አንድ ቦታ «ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ይጮኻል» ብለው ጠሩኝ። ጠዋት ሄድኩ፣ ሰላም ነው። ከሰዓት ቆይቼ ሳይ፣ የከሰዓቱ ካሸር ግራኝ ነው፤ ስቲከሮቹን ከቀኝ መሳቢያ አውጥቶ ጌቱ በኩል ባለው ግራ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጣቸው። መሳቢያው ሲከፈት ጥቅሉ ወደ ጌቱ ይጠጋል፣ ይጮኻል። ሰውዬው መልስ ለማውጣት መሳቢያ በከፈተ ቁጥር በሩ ላይ ያለው ደንበኛ ሌባ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ርካሽ አዳፕተር፣ ኤልኢዲ መብራት፣ የሚንቀሳቀስ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የበር ሞተር፣ ከጌቱ አጠገብ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ገመድ። ገመድ ጥቅል ሲሆን ራሱ እንደ ትልቅ ስቲከር ሊወዛወዝ ይችላል። የብረት ተጠቅላይ መዝጊያና የብረት በር ክፈፍም እንደዚያው፣ በተለይ ሲንቀሳቀሱ። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ከጌቱ በቀር ሁሉንም ነቅለህ አንድ በአንድ መልሰህ ሰካ። የጮኸው ስትሰካው ይታወቃል። ግማሽ ሌሊት ይፈጃል፣ ግን ገንዘብ አያስወጣም።

ሦስተኛው ሰውዬው ራሱ ነው፣ ጥፋት ባይኖርበትም። ሌላ ሱቅ የገዛው ጫማ ወይም ቦርሳ ውስጥ ያልተገደለ ስቲከር አለ። አንዳንዴም በትክክል የተገደለ የሬዲዮ ስቲከር ሲታጠፍና ሲዘረጋ ያቺ የተነካካች ነጥብ ተላቅቃ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ «ባዶ እጁን» ያልከው ሰው ኪስና ቦርሳ አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቴክኒሺያን ጠርተህ «ዝም አሰኝልኝ» ካልከው በሁለት ደቂቃ ዝም ያሰኘዋል፤ የመስማት አቅሙን ዝቅ ያደርገዋል። ባዶ እጅም አይጮኽም፣ ሌባም አይጮኽም። ምናልባት አሁንም ተደርጎብህ ይሆናል። ማረጋገጫው ይህ ነው፦ በእርግጥ በሕይወት ያለ አንድ ስቲከር ካርቶን ላይ ለጥፍ። በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል ላይ፣ በደረት ከፍታ፣ ከዚያ በቁርጭምጭሚት ከፍታ አሳልፈው። ፊቱን ወደ ምሰሶው፣ ከዚያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ላይ አድርገህ ድገመው። በሁሉም መንገድ ይጮኻል ብለህ አትጠብቅ፣ የትኛውም ጌት ደካማ ጎን አለው። ግን ከግማሽ በላይ ካመለጠው ወይ አቅሙ ወርዷል ወይ ምሰሶዎቹ ከሚገባቸው በላይ ተራርቀዋል። ይህን ሙከራ በየሳምንቱ አንድ ጠዋት አድርገው።

አርኤፍአይዲን መጥፎ ነው አላልኩህም። እሱ ቺፕ አለው፣ ቺፑ ቁጥር ይይዛል፣ ስለዚህ ጌቱ «የሆነ ነገር ወጣ» ሳይሆን «ቁጥሩ ይህ የሆነው መጽሐፍ ወጣ» ሊልህ ይችላል። በቤተ መጻሕፍት የተለመደው በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ነው። አምስት መጽሐፍ ከነክምሩ አስቀምጠህ በአንድ ጊዜ ታውሳለህ፣ መደርደሪያውን በእጅ መሣሪያ እየዳሰስክ ቆጠራ ትሠራለህ፣ በተሳሳተ ቦታ የገባውን ታገኛለህ። የተዋሰ ያልተዋሰ የሚለው ምልክት ቺፑ ላይ እየተጻፈ ይለወጣል፣ መግደል የለም። ጥቅሙ ይሄ ነው፣ የሥራ ጉልበት መቆጠብ። ለስርቆት ብቻ ተብሎ ግን አይገዛም። የሚያነበው ከጌቱ አንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ነው፤ በር ካለፈ በኋላ መጽሐፉ ካንተ እይታ ውጪ ነው። በስልክ ቦታ የሚያሳይ ነገር ባትሪና ከሳተላይት፣ ከኔትወርክ ወይም በአቅራቢያው ካሉ ስልኮች ጋር የሚገናኝ አካል ይፈልጋል፤ ወረቀት ላይ የሚለጠፍ ባትሪ የሌለው ስቲከር ያንን አይሠራም። ያን የነገረህ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ሊሸጥልህ ነው። አንድ ቀን መጽሐፉ አስራ አምስት ሃያ ሺህ ደርሶ ቆጠራ ወገብህን ሲቆርጠው ያኔ አስብበት። ያኔም ቺፑ ላይ የመጽሐፉን መለያ ቁጥር ብቻ ጻፍ። የተዋሹን ስም እዚያ የሚጽፍ ሶፍትዌር ካቀረቡልህ እምቢ በል፣ የሰው ንባብ ማንም በእጅ መሣሪያ የሚያነበው ነገር መሆን የለበትም።

ፔስሜከር ያላቸውን ደንበኛ በተመለከተ፣ ፍርሃታቸው ከመሬት የመጣ አይደለም። የጌት ሞገድ የልብ ምት ማስተካከያን ሊያውክ እንደሚችል ታይቷል፤ ይበልጥ የታየውም በ58 ኪሎኸርዙ ዓይነት ጌት አጠገብ ሰው ሲቆይ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1998 (እ.ኤ.አ.) በዚህ ላይ ማሳሰቢያ አውጥቷል፤ ፍሬ ነገሩ፣ ሳይቆሙና ሳይደገፉ በመደበኛ እርምጃ ማለፍ ነው። ይህን ንገራቸው፣ የራሳቸውን ሐኪም ቃልም ይስሙ። የአንተ ድርሻ ግን ሌላ ነው። ምሰሶው አጠገብ ወንበር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ሰው ተሰልፎ የሚቆምበት ነገር አለ? አንሳው። ሰው በጌቱ ያልፋል እንጂ እዚያ አይቆምም። ጌቱም አይደበቅ፣ ሰው መኖሩን አይቶ ማለፍ አለበት።

ቦርሳ መፈተሽ? አትንካ። ጩኸት ማስረጃ አይደለም። እስካሁን እንዳነበብከው መሳቢያም ያስጮኸዋል፣ የሌላ ሱቅ ጫማም ያስጮኸዋል፣ ከሁሉ በላይ የራስህ ካሸር ማጥፋት ረስቶ ያስጮኸዋል። ከጩኸቱ ቀጥሎ የሚወጣው ቃል ይቅርታ ይሁን፦ «ይቅርታ፣ እኛ ማጥፋት ረስተን ይሆናል፣ ደረሰኙን ላየው?» ሌባ ካልሆነ አይከፋም፤ ሌባ ከሆነ ዕቃውን የሚመልስበት ቀዳዳ አገኘ። ሰው ማስቆምና መፈተሽ በየአገሩ ሕግ የተገደበ ነው፤ ያለ ፈቃድ እጅህን ቦርሳ ውስጥ ካስገባህ ከጠፋው ደብተር የበለጠ ነገር ውስጥ ልትገባ ትችላለህ። ከዚያ ይልቅ ከጌቱ አጠገብ ደብተር አስቀምጥ። እያንዳንዱ ጩኸት ይመዝገብ፣ ሰዓቱ፣ ማን ካሸር እንደነበር፣ ምን ሆኖ እንደተገኘ። የሁለት ሳምንት መዝገብ ከእኔ በላይ ይነግርሃል። ለጩኸት ማንም ዞር ብሎ የማያይበት ሱቅ ጌት የለውም ብለህ ቁጠረው።

ጌቱ የማይችለውንም እወቅ። ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሌባን አያቆምም። በጓሮ በር የሚወጣውን አያይም። በመቀበያው ላይ አስር ተብሎ የተፈረመበት ዘጠኝ ካርቶን ለእሱ ምኑም አይደለም። የሚያቆመው «ማንም አያየኝም» ብሎ እዚያው የተፈተነውን ሰው ነው፤ የእሱ ዓይነት ደግሞ ብዙ ነው። እስክሪብቶና ላጲስ ላይ ስቲከር መለጠፍ ግን ተው፣ ድካሙም ስቲከሩም ከዕቃው ይበልጣል፤ እነሱን ካሸሩ ዓይን ሥር ደርድራቸው።

ስለዚህ በቅደም ተከተል፦ ከነገ ጠዋት ጀምሮ አንድም የውሰት መጽሐፍ ማጥፊያው አጠገብ አይድረስ፣ ለሠራተኞችህ ምክንያቱን አስረዳ እንጂ ትእዛዝ ብቻ አትስጥ። አስሩንና አስሩን ሞክር። ማታ አዳፕተሮቹን ንቀል። ጠረጴዛውን አስረዝም። ስቲከር የምትገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ከአስሩ የተዋሱ መጽሐፎች ከሦስት በላይ ከጮኹ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ያኔ የማጥፊያውን ፎቶና ከጌቱ ያለውን ርቀት ላክልኝና ከዚያ እንቀጥላለን።